ከኋላ ይሰማል?

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ሱቁ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለቤቱ ኦቦ ድሪባ፣ አናጺው ጋሽ መኮንን፣ ስፒከር ገጣሚው ቶሌራ፣ የመኪናውን ስፒከር ሊያሠራ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ እኔ፣ ጀርባዬ ላይ ደግሞ ልጄ ማርታ። ማርታን የማስይዛት ሰው ስላልነበረኝ አዝዬያት መጣሁ።

ኦቦ ድሪባ ልጅቷን አይተው ወንበር ሰጡኝ። ሹፌሩ ግን፣ «ሕፃኗንም ቀጠራችኋት?» አለ።

«እሷ ተቆጣጣሪ ናት» አለ ቶሌራ። «ካለቀሰች ስፒከሩ አልሆነም ማለት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጆሮዋን እንዳይጎዳው ሰግቼ የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ በጆሮዋ ላይ ይዤ ነበር። ቶሌራ ይህን አየና ድምፁን ቀነሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፒከር በኃይል መፈተን ሲፈልግ ሳጥኑን ተሸክሞ ጓሮ ይወጣል። ጋሽ መኮንን፣ «ለአንዲት ጡት ጠቢ ብሎ ወገቡን ሊሰብር ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሱቁ ሰበታ፣ አስፋልቱ ዳር ነበር። ከፊት ስፒከርና አምፕሊፋየር ይሸጣል፤ ከኋላ ሳጥን ይሠራል። ጋሽ መኮንን ኤምዲኤፍ ይቆርጣሉ፣ በኮላ ያጣብቃሉ። ቶሌራ ድምፁን ይገጥማል፣ ሰው ቤት ሄዶም ይተክላል። እኔ የተቀጠርኩት ሳጥኑን ሞኬት ለማልበስ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ መቀስ ግን በደንብ እይዛለሁ።

ሞኬት ስለጥፍ ከቶሌራ ጋር ጎን ለጎን ነበርን። እሱ ሲሠራ የማውራት ልማድ ነበረው። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ይህ ሽቦ ቢላላ ምን ይሆናል? ልጅ ቢነካውስ? ውኃ ቢፈስበትስ?» እለዋለሁ። አንድ ቀን ካቻቢቴውን አስቀመጠና፣ «ማዘር፣ እንዲህ የምትፈሪ ከሆነ ተማሪው፤ የሚያውቅ ሰው የሚፈራው ነገር ይቀንሳል» አለኝ። ተማርኩ። ፍርሃቴ ግን እንዳለ ነው።

የሥራው ቁም ነገር ይህ ነው። ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አይችልም። ወፍራሙን የሚያወጣው መሬት ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ሳጥን፣ ቡፈር የምንለው ነው። የአምፕሊፋየሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስፒከሩን ላርጅ ካላችሁት ድምፁን ሁሉ ይጭንበታል። ስሞል ካላችሁት ወፍራሙን ቆርጦ ለቡፈሩ ይሰጣል። የሚቆርጥበት ቦታ ክሮስኦቨር ይባላል፤ በቁጥር ይሞላል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለቡፈሩ የሚሰጠው ይበዛል። እንግሊዝኛ ስለማልችል ስሞልን የማውቃት እንደ እባብ በተጠማዘዘችው የመጀመሪያ ፊደሏ ነበር።

ቶሌራ መለኪያው መዳፍ ነበር። «መዳፍሽን የስፒከሩ አፍ፣ ድምፅ የሚወጣበት ክብ ላይ አድርጊ። መዳፍሽ ከሸፈነው ከመቶ ሃያ ጀምሪ። ከመዳፍሽ ከሰፋ ሰማንያ በቂው ነው። ከዚያ ጆሮሽ ይጨርሰው።» ጆሮ የሚጨርሰው ደግሞ በሙዚቃ አልነበረም። ሰው ሲናገር ያሰማኛል፤ ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰውየው የት ሆኖ እንደሚናገር በጣቴ እንዳሳይ ያዘኛል። ጣቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ካመለከተ ልክ ነው። ጥግ ወዳለው ቡፈር ካመለከተ መቁረጫው ከፍ ብሏል፤ የሰውየው ደረት ከአፉ ተለይቶ ሄዷል ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ ረዳት ገጣሚ ተባልኩ። አብሬው ሰው ቤት መሄድ ጀመርኩ።

ቡራዩ፣ በገፈርሳ በኩል፣ አዲስ ቤት ሠርተው ከአዲስ አበባ የመጡ አቶ ሰለሞን የሚባሉ ደንበኛ ነበሩ። የገዟቸው ስፒከሮች ከማርታ ይረዝማሉ፤ አፋቸው ግን ከመዳፌ አያልፍም። ቶሌራ ስሞል ሲላቸው አቶ ሰለሞን ከሶፋው ተነሡ።

«ይኼን ሁሉ ቁመት አይተህ ነው ስሞል የምትለው?»

«ቁመቱ የእንጨቱ ነው፣ ጌታዬ። የሚሠራው አፉ ነው።»

«እንግዳ ቢያየውስ? ቴሌቪዥኑ ላይ ተጽፎ ነው የሚታየው።»

«እንግዳ ሴቲንግ ውስጥ ምን ያስገባዋል?»

ሰውየው አልሳቁም። እኛ ስንወጣ ላርጅ አደረጉት። ከበዓል በኋላ ደወሉ፤ የአንዱ ስፒከር አፍ ዙሪያውን ተቀዷል። ቶሌራ ነግሬዎት ነበር አላላቸውም። አፉን ቀየረና፣ «ሚኒባስ ድንጋይ አይጭንም። ድንጋይ ገልባጭ አለው» አለ። አቶ ሰለሞን፣ «እሺ፣ ስሞል በለው» አሉ። «ለሰው ግን እንዳታወራ።»

በዚያው ሰሞን አስፋልቱ ሊሰፋ ነው ተባለና የሱቁ ፊት ፈረሰ። ኦቦ ድሪባ የቀረውን ዕቃ ጓሮ ወዳለችው ክፍል አስገቡ። ዕቃ የሚያይ መንገደኛ ቀረ፤ ገበያው ቀዘቀዘ። ጋሽ መኮንን ልጃቸው ዘንድ ገላን ሄዱ። ከዚያ ኦቦ ድሪባ ሁለታችንንም ጠርተው ከአንድ ሰው በላይ ማቆየት እንደማይችሉ ነገሩን። መሬት መሬት እያዩ ነበር የተናገሩት።

«እኔ እወጣለሁ» አለ ቶሌራ። «ማዘር ልጅ አላት።»

«አንተም እናት አለህ» አልኩት።

«እግርም አለኝ» አለኝ።

ከመሄዱ በፊት ከተረፈው ኤምዲኤፍ ለእናቱ ቤት ስፒከር ሠራ። ሞኬቱን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ከመዳፌ የሚሰፋ አፍ አስገባበት፣ ቡፈርም ጨመረበት፣ ሱሉልታ ወስዶ ብቻውን ተከለው። ከዚያ የት እንደሚሄድ በትክክል ሳይናገር ሄደ። ከመተማ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። የአቶ ሰለሞን ቤት እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው አልኩት። «ለአዮ ደህና ነው በያት» አለኝ። አዮ የሚላት እናቱን ነው። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም።

አብረውት የተነሡ ልጆች ነበሩ ይባላል፤ ከእነሱም የደወለ የለም። አንዱ በረሃ ላይ ቀሩ አለ፤ ሌላው ሊቢያ ታስረዋል አለ። ያየ ሰው ግን አልተገኘም። ሞቷል የሚል ሰው ካልመጣ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ድንኳን አይጣልም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ የጠፋበት ቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ መቀመጥ ለሰው ዓይን ደስ አይልም። የቶሌራ አባት ኦቦ ጉደታ ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ይሸፈን አሉ። እናቱ አዴ ጫልቱ፣ «እዚህ ቤት ማን ሞተና?» ብለው ጨርቁን አነሡት። በየቀኑ የሚያዩትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሴት ልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ። በእህቱ ሠርግ ድምፅ የተከለው ቶሌራ ነበርና መጀመሪያው ላይ ማይክ ሲሞክር ይሰማል።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ የቶሌራ ድምፅ ቀጠነ። እንደ ስልክ ሆነ። ቀስ እያለ እየሄደብኝ ነው መሰለኝ። እሱ እንዳደረገው አድርጊልኝ።»

ለኦቦ ድሪባ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ሥራው ትንሽ አገግሞ ናኦል የሚባል ወጣት ገጣሚና መኪና ያለው ሹፌር ይዘን ነበር። «ነገ በጠዋት ውጡ፣ ሲረፍድ መንገዱ ይዘጋል» አሉኝ።

«ኦቦ ድሪባ፣ ከሰዓት ብንሄድ ይሻላል።»

«ለምን?»

«ልጅ የጠፋበት ቤት ነው። በጠዋት፣ ሦስት ሆነን…»

«የምትይዢው ካቻቢቴ ነው፣ መርዶ አይደለም» አሉኝ።

ለአዴ ጫልቱ መምጣታችንን ልነግር ማታም ጠዋትም ደወልኩ። ሱሉልታ መብራት አልነበረም፤ ስልካቸው ዝግ ነበር።

ስንደርስ ጤዛው አልተነሣም። ብርዱ ስለከበደኝ ነጠላዬን ደርቤ ተከናንቤያለሁ። ናኦል ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ሹፌሩም ዕቃ ሊያግዘን ወረደ። ሦስታችን በሩ ላይ ቆመን አንኳኳን። ዕቃው ገና መኪናው ውስጥ ነበር።

አዴ ጫልቱ በሩን ከፈቱ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ናኦልን፣ ከዚያ ሹፌሩን። «ስፒከሩን ልናይ ነው» ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ።

ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ሮጡ። አንዱ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ወንድሜን» እያለ መጣ። እኔ አዴ ጫልቱን አቅፌ በጆሯቸው፣ «ስፒከር ነው፣ አዴ፣ ስፒከር ነው፣ ወሬ የለም» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። ናኦል ወደ መኪናው ሮጦ የዕቃ ሳጥኑን አመጣና፣ ካቻቢቴውን ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ዝም ያለው።

አንዲት አሮጊት መጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በዚህ ሰዓት?» አሉኝ።

ኦቦ ጉደታ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። አላለቀሱም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «ግቡ እንግዲህ፣ ከመጣችሁ» አሉ። ጎረቤቶቹም አብረው ገቡ። ለለቅሶ የመጣ ሰው ወዲያው ተመልሶ አይሄድም፤ ዙሪያውን ተቀመጡ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ሶኬቱን መንቀሌን ደጋግሜ አየሁ።

መብራት እስኪመጣ ሽቦዎቹን ፈተሽኩ። ሁሉም ጠብቀው ታስረዋል፤ የቶሌራ አስተሳሰር ነው። መብራት ሲመጣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ገባሁ። ስሞል፣ ሰማንያ ይላል። ቶሌራ ትቶት የሄደው እንዳለ ነበር። መብራቱ ምንም አላበላሸም።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። ድምፁ እውነትም ቀጥኗል። ከደረቱ የሚመጣው የለም፤ ከአፉ የሚወጣው ብቻ ቀርቷል። ቡፈሩን ዞሬ ጀርባውን አየሁ። እዚያም አንድ መቁረጫ ቁልፍ አለ፤ አምፕሊፋየሩ በሚቆርጥበት ቤት ይህ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ ድምፁ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ መሐል ላይ ያለው ይጠፋል። ቶሌራ መጀመሪያ ካስተማረኝ ነገር አንዱ ነው። ቁልፉ እስከ ታች ወርዶ ነበር። የድምፅ መጠኑም እንደዚያው።

መብራት ሄዶ ቢመጣ ቁልፍ አያዞርም።

ዝም ብዬ ላስተካክለው ፈለግኩ። አዴ ጫልቱ ግን ፊቴን እያዩ ነበር። «ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ቁልፉ ወርዷል።»

«ማን አወረደው?»

ኦቦ ጉደታ ከበሩ አጠገብ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሯቸው፤ ለስለስ ያለ አልነበረም። እሳቸው ግን በአማርኛ መለሱ፤ ለእኔ እንዲሰማኝ ይመስለኛል።

«ቡፈሩ ያለው የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ውስጥ ተኝቼ ቃሉ አይለይልኝም፤ የእሱ ጎርናና ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሳሎን ተቀምጦ ከሰው ጋር የሚያወራ ይመስለኛል። ሁልጊዜ እነሣለሁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ አንቺ ብቻሽን ነሽ። እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ?»

ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ያልፋል። ቀጭኑ ይቀራል። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ልጄን ላጥፋው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«አጥፊው አላልኩም። ቀነስኩት።»

እኔና ናኦል ቡፈሩን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አንሥተን ማዶ ወሰድነው። ሽቦው አልደረሰም፤ ቀጠልኩት፤ ሰው እንዳያደናቅፍ ከግድግዳው ሥር አስጠጋሁት። የጀርባውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው፣ የድምፅ መጠኑንም ወደ ቦታው መለስኩ። ኦቦ ጉደታ ገብተው እንዲተኙ ለመንኳቸው። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ከውስጥ፣ «አሁንም አለ» አሉ።

የቀረው ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ነበር። ስፒከሮቹ አፋቸው ሰፊ ነው፤ በዚያ ድምፅ መጠን ከሰማንያ በታችም ትንሽ ይችላሉ። ወደ ስልሳ ቢወርድ የቶሌራ ድምፅ ከሞላ ጎደል በፊት ስፒከሮቹ ይወጣል፤ ለቡፈሩ የሚደርሰው ይቀንሳል። ይህንኑ ተናገርኩ።

አዴ ጫልቱ ሪሞቱን ከእጄ ወሰዱት። «ይህ ቁጥር የእሱ ነው። እሱ ነው የጻፈው። ትለውጪብኛለሽ?»

«አዴ፣ እሱ ቁጥር አያመልክም ነበር። ሰው ቤት ስንሄድ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምራል፣ ከዚያ በሚኖሩበት ሰዎች ልክ ይለውጠዋል። እዚህም ቢኖር…»

«ይለውጠው ነበር?»

አላውቅም። አላውቅም አልኳቸው። «ያስተማረኝ ግን ይህንን ነው።»

ሪሞቱን በእጃቸው አገላበጡት። በመጨረሻ፣ «የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» አሉ። አሳየኋቸው። በራሳቸው ጣት ተጫኑት። ሰባ አለ፣ ከዚያ ስልሳ።

ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። ድንኳን፣ ባዶ ወንበሮች፣ ከዚያ ቶሌራ ማይክ ይዞ በኦሮምኛ ይቆጥራል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ሄሎ። አዮ፣ ከኋላ ይሰማል?» ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ፣ ከአፉ ነው የወጣው። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አመለከትኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልክ ነበር። አዴ ጫልቱ፣ «ይሰማል» አሉት። አሮጊቷ፣ በሩ ላይ የተቆጡኝ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ኦቦ ጉደታ ወጡ። ሁላችንም አየናቸው።

«አይሰማም» አሉ።

ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። እዚያው ቆመው ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ፤ የመኝታ ቤቱን በር ግን አልዘጉትም።

ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን። ሰበታ ስደርስ ማርታ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። አሁን ረዝማለች፤ አንዳንድ ጊዜ ስለ ሩቅ አገር ታወራለች። ያን ቀን ስታወራ አልቆጣኋትም፤ ሰማኋት።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። ስፒከርን በሳጥኑ አትምረጡ፣ በአፉ ምረጡ። የሚችለውን አሸክሙት፤ የማይችለውን ለቡፈሩ ስጡ። ቁጥር ከመቁረጣችሁ በፊት ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛ ጠይቁ። ሰው ቤት በጠዋት፣ ሦስት ሆናችሁ አትሂዱ።

ቶሌራ ረጅም ነው፤ ጎርናና ድምፅ አለው። ግራ አውራ ጣቱ ላይ የትራፓኖ ጠባሳ አለ። ሲሠራ ያወራል። በመተማ በኩል ከወጡት ጋር ያየው፣ ወይም ስሙን የሰማ ሰው ካለ፣ ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን ለእኔ ይንገረኝ። ሰበታ፣ ኦቦ ድሪባ ጓሮ ነኝ። እባካችሁ ሱሉልታ አትሂዱ፤ እኔ ዘንድ ኑ። ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻ።